ቁራም አስተምሯል



በቅርቡ እህቴን ለመጠየቅ አምቦ ሄጄ ነበር። ገና ቡናው ሳይፈላ የአራተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጇ ደብተሯን ይዛ መጣችና «አጎቴ፣ ይኼ ለምን ኤክስ ሆነ?» ስትል ጠየቀችኝ። ደብተሩ የግብረ ገብ ደብተር ነው። ትምህርቱ የሚሰጠው በአፋን ኦሮሞ ሲሆን፣ ጥያቄው ወደ አማርኛ ሲመለስ «ከእነማን እንማራለን? ሦስት ጻፉ» የሚል ነበር። እርሷም አንደኛ እናት፣ ሁለተኛ መምህር፣ ሦስተኛ አራጌሳ ብላ ጽፋለች። አራጌሳ ቁራ ማለት ነው። እናትና መምህር ልክ ተብለው ቁራው ላይ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞበታል።

መጀመሪያ ሳቅሁ። ልጅቱ ግን አልሳቀችም። ከዐስር ሰላት በኋላ የምትሄድበት መድረሳ ኡስታዝ የአደምን ልጆች ታሪክ ነግረዋቸው ስለነበር፣ እርሷ የጻፈችው ቀልድ ሳይሆን ያመነችበትን ነው። «አንቺም ልክ ነሽ፣ መምህርሽም ልክ ናቸው» ብዬ ላስታርቅ ሞከርኩ። ሁለታችንም ልክ ልንሆን አንችልም በሚል ዓይን አየችኝ። እውነቷን ነው። ሌሊቱን ሳወጣና ሳወርድ ያደርኩትም ይህንኑ ነው፤ ለመሆኑ አስተማሪ የሚባለው ማን ነው?

ታሪኩን አብዛኞቻችን ከልጅነታችን እናውቀዋለን። በሱረቱል ማኢዳ እንደተነገረው ከአደም ሁለት ልጆች አንዱ ወንድሙን ገደለ። ስማቸው ቃቢልና ሃቢል መሆኑን የነገሩን ሙፈሲሮች ናቸው። ገዳዩ ሬሳውን ምን እንደሚያደርገው ጨነቀው። አላህ (ሱ.ወ.) መሬት የሚጭር ቁራ ላከለትና የወንድሙን ገላ እንዴት እንደሚሸፍን አሳየው። ያን ጊዜ ሰውየው ከቁራ እንኳ አንሶ መገኘቱን አይቶ ራሱን ወቀሰ፤ ተጸጸተም።

እስቲ ነገሩን ቆም ብለን እናስተውለው። አደም የስሞችን ሁሉ ዕውቀት ከጌታው የተማረ፣ መላእክት ያላወቁትን ያወቀ ነው። የእርሱ ልጅ ግን ቀብርን፣ እስከ ዛሬ እያንዳንዳችን ለወላጆቻችን የምናደርገውን ያን የመጨረሻ ክብር፣ የተማረው ከነቢይም ከመልአክም ሳይሆን ከወፍ ነው። ቁራው ንግግር አላደረገም፤ ማስተማሩንም ያወቀ አይመስለኝም። የሚጭረውን ጫረ። ጭረቱ ትምህርት የሆነው አጠገቡ የቆመው ጥፋተኛ ሰው ስላየውና ስላፈረ ነው።

ይህችው ቁራ ከብዙ ዘመን በኋላ በአንዳሉስ ብቅ ትላለች። በ12ኛው ምዕተ ዓመት የኖረው ሐኪምና ፈላስፋ ኢብኑ ጡፈይል «ሐይ ኢብኑ የቅዛን» በሚለው ድርሰቱ፣ ሰው በሌለበት ደሴት ላይ ሚዳቋ አጥብታ ያሳደገችውን ሕፃን ታሪክ ይተርካል። ልጁ መምህር የለውም፤ መጽሐፍ የለውም፤ ቋንቋ እንኳ የለውም። ሚዳቋዋ ስትሞትበት ደረቷን ከፍቶ ከውስጧ የሄደውን ነገር ይፈልጋል። ገላዋ መሽተት ሲጀምር ግን የሚያደርገው ጠፋው። ከዚያ ሁለት ቁራዎች ሲጣሉ፣ አንዱ ሌላውን ገድሎ ሲቀብረው ያያል። እርሱም እናቱን ቀበረ። መጽሐፉ በ1671 እ.ኤ.አ. በላቲን ቋንቋ ታትሞ በአውሮፓ ብዙ ተነቧል። የእኛ ዑለማና ፈላስፎች «ሰው ያለ ሰው ሊማር ይችላል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ከስምንት መቶ ዓመት በፊት አንሥተው ተጨንቀውበታል ማለት ነው። የእህቴ ልጅ ከኢብኑ ጡፈይል ጋር አንድ ላይ ኤክስ ተደርጎባታል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

«ይህ ሁሉ ተረትና ምሳሌ ነው፤ እውነተኛ ማስተማር የሰው ብቻ ነው» የሚል ወገን ይኖራል። እንደዚያ ከሆነ የሳይንሱን ሰዎች እንጠይቅ። በ1992 እ.ኤ.አ. ካሮና ሃውዘር የተባሉ ተመራማሪዎች ለማስተማር መስፈርት አወጡ። አስተማሪው የማያውቅ ተማሪ ፊት ሲሆን አደራረጉን የሚለውጥ፣ በዚህም ለራሱ ምንም የማይጠቀም እንዲያውም የሚጎዳ፣ ተማሪው ደግሞ በዚህ ምክንያት ያላወቀውን የሚያውቅ ከሆነ፣ ያ ማስተማር ነው አሉ። በ2006 እ.ኤ.አ. ፍራንክስና ሪቻርድሰን የተባሉ የእንግሊዝ አገር ተመራማሪዎች ይህን መስፈርት በጉንዳን ላይ አገኙት። ምግብ ያገኘች ጉንዳን ቦታውን የማታውቀዋን ጓደኛዋን አስከትላ ትሄዳለች። ተከታይዋ መንገዱን ለመለየት ስትዘገይ መሪዋ ቆማ ትጠብቃለች፤ ከኋላ በቀንዷ ነካ ስታደርጋት ብቻ ትቀጥላለች። ብቻዋን ብትሆን እጅግ ፈጥና በደረሰች ነበር። በዚያው ዓመት ደግሞ በደቡባዊ አፍሪካ በረሃ የሚኖረው ሚርካት የሚባል ትንሽ አውሬ ግልገሎቹን ጊንጥ አያያዝ እንደሚያስተምር ታወቀ፤ መጀመሪያ የሞተ፣ ቀጥሎ መርዙ የተነቀለ፣ በመጨረሻ ደህናውን ጊንጥ እያመጣ። ይህ እንግዲህ ከቀላል ወደ ከባድ የሚሄድ ሥርዓተ ትምህርት ነው። (በነገራችን ላይ በዚሁ መስፈርት ተመዝነን ስንቶቻችን አስተማሪ ተብለን እንደምናልፍ አላህ ይወቀው። ተማሪው እስኪደርስበት ቆሞ የሚጠብቅ ስንቱ ነው?)

ወደ አምቦ ስትሄዱ መንገዳችሁ ላይ የምታገኟት ሆለታ የንብ ምርምር ማዕከል ያለባት ከተማ ናት። ንብ አበባ ያለበትን አቅጣጫና ርቀት ለጓደኞቿ በጭፈራ እንደምትነግር የደረሰበት ኦስትሪያዊው ካርል ፎን ፍሪሽ በ1973 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተሸልሟል። ሽልማቱን የወሰደው ሰውየው ነው። ጭፈራው የንቧ ነበር።

የቦረና ማር ቆራጮችን ነገር ደግሞ ሳልጠቅስ አላልፍም። ወደ ማር የሚመራ ወፍ እንዳለ አባቶቻችን ሲናገሩ «የገጠር ወሬ» እየተባለ ብዙ ኖሯል። ሑሴን ኢሳቅ የተባለ ኬንያዊ ተመራማሪ ከባልደረባው ከሬየር ጋር በሰሜን ኬንያ ቦረናዎች ዘንድ አጥንቶ በ1989 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሥራ ግን ወሬውን በሰዓት ለካው። ቦረናው በማያውቀው አገር ብቻውን ቀፎ ሲፈልግ በአማካይ 8.9 ሰዓት፣ ወፏ ስትመራው 3.2 ሰዓት ይፈጅበታል። ሰውየው በፉጨት ይጠራታል፤ እርሷ ከዛፍ ዛፍ እየዘለለች ትመራዋለች፤ እርሱ ቀፎውን ሲከፍተው የእርሷም ድርሻ ይወጣል።

አንድ የማከብረው ወንድሜ ይህን ሐሳብ ሳካፍለው ፊቱን አጠቆረ። «ሰው የአላህ ኸሊፋ ነው። ፍጥረት ሁሉ የተገራለት ነው። አሁን አንተ ክቡሩን ሰው ከቁራና ከጉንዳን እግር ስር ልታስቀምጠው ነው?» አለኝ። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ በግማሽ ልብም አይመለስም። የሰው ክብር በቁርአን የተነገረ ነውና አልክድም። ነገር ግን አደም የከበረበት ዕውቀት ከራሱ ያፈለቀው ሳይሆን የተማረው ነው። ክብሩ የተማሪ ክብር ነው። ነቢዩ ሱለይማንን (ዐ.ሰ.) ያህል ንጉሥና ነቢይ ፊት ሁድሁድ የተባለች ወፍ ቆማ እርሱ ያላወቀውን እንዳወቀች ስትነግረው፣ አንቺ ማን ነሽ ብሎ አላባረራትም፤ እውነት መናገሯን አጣራለሁ አላት እንጂ። ከወፍ መስማት ንግሥናውን አልቀነሰበትም። ደግሞም የምትለውን ሁሉ እንዲሁ አልተቀበለም፤ መረመረ። የተማሪ አደብ ማለት ለእኔ ይኼ ነው።

እንግዲህ ልቤ ላይ የቀረው ጥያቄ ሌላ ነው። ኡስታዝ ሐቅ እንዳለው ሁላችን እናውቃለን። ሐርፍ ያስቆጠረህን ሰው መንገድ ላይ ስታገኘው ከመቀመጫህ ትነሣለህ፣ ሲታመም ትጠይቃለህ፣ ሲያረጅ አትጥለውም። ፍጥረት አስተማሪያችን ከሆነስ ሐቁ ምንድን ነው?

ይህ የወረቀት ጥያቄ እንዳይመስላችሁ። በጊንጪ ከተማ የሆነውን አስታውሱ። ከከተማዋ አቅራቢያ ጭሊሞ የሚባለው ደን አለ። ጽድ፣ ዝግባና ወይራ የበቀለበት፣ በመካከለኛው የአገራችን ደጋ ከቀሩት ጥቂት ጥንታዊ ደኖች አንዱ ነው። አዋሽ ወንዝ የሚነሣውም ከዚሁ ከጊንጪ አካባቢ ከፍታዎች ነው፤ ከዚህ ወርዶ ባሕር ሳይደርስ አፋር በረሃ ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። በኅዳር ወር 2008 ዓ.ም. ይህ ደንና የከተማዋ የእግር ኳስ ሜዳ ለኢንቨስትመንት ሊሰጥ ነው በሚል ተቃውሞ ሲነሣ፣ ከቀዳሚዎቹ ውስጥ የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበሩበት። ተቃውሞው ከአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ጥያቄ ጋር ተያይዞ በመላው ኦሮሚያ ተስፋፋ። ዕቅዱ በጥር 2008 ዓ.ም. ቢሰረዝም፣ በዚያ ዓመት ብዙ መቶ ሰዎች፣ ከእነርሱም ውስጥ ብዙ ተማሪዎች፣ ሕይወታቸውን አጥተዋል። የነገሩ ምክንያት ብዙ ነው፤ መሬት አለበት፣ አስተዳደር አለበት፣ የቆየ ብሶት አለበት። ሁሉንም በደን አሳብቤ ላቅልለው አልፈልግም።

ነገር ግን አንድ ነገር ያስገርመኛል። እኔ ተማሪ ሳለሁ ስለ ደን የተማርኩት «የደን ጥቅሞች» በሚል ርእስ ነው። ዝናብ ያመጣል፣ አፈር ይጠብቃል፣ ለማገዶና ለቤት ሥራ ይውላል፣ ቱሪስት ይስባል። ዝርዝሩን በቃሌ አጥንቼ ፈተና ላይ ጽፌ ሙሉ ነጥብ አግኝቻለሁ። እንዲህ ያለ ዝርዝር ብቻ የያዘ ሰው የበለጠ ጥቅም ያለው ነገር ሲመጣለት ደኑን ቢለውጠው አይፈረድበትም፤ ሒሳቡ ነዋ! የጊንጪ ልጆች ለመውጣት ያነሣሣቸው የዝርዝሩ ትምህርት ብቻ ነበር ብዬ ለማመን ይቸግረኛል። የተጫወቱበት ሜዳና በዓይናቸው እያዩት ያደጉት ደን ትምህርት ቤታቸው ያልጻፈላቸውን አንድ ነገር አስተምሯቸው የነበረ ይመስለኛል።

ከዚህችው ከጊንጪ ሳልርቅ ያየሁትን ልንገራችሁ። ወደ አምቦ ስሄድ መኪናችን ለቁርስ ቆሞ ነበር። አስፋልቱ ጠርዝ ላይ አንድ የጋሪ ፈረስ ቆሟል። የፊት እግሩን አንሥቶ ይዞታል፤ ጀርባው በጋሪ ቀንበር ተልጧል፤ ባለቤት የለውም። ሻይ ቤቱ ውስጥ አንድ የቀድሞ ባለጋሪ አጠገቤ ተቀምጦ ስለ ሥራው አጫወተኝ። አሁን ባጃጅ ይነዳል። «ሥራውን ያስተማረኝ ፈረሴ ነው» አለኝ። «ከገጠር ስመጣ መንገድ አላውቅም ነበር። እሱ ከፊተኛው ባለቤቱ ጋር ስለሠራ ሁሉን ያውቃል። የት ቆሞ ሰው እንደሚጭን፣ የት ቀስ እንደሚባል፣ ውኃ የት እንዳለ። ልጓሙን ለቅቄለት ነው የተማርኩት።» ታዲያ አሁን ፈረሱ የት አለ? ስል ጠየቅሁት። «አነከሰ። ለቀቅሁት» አለኝ።

ለቀቅሁት! ቃሏ ምን ያህል ቀላል ናት። በየከተማችን ዳር ጅብ እስኪበላው ወይም መኪና እስኪገጨው የሚንከራተተው ሁሉ «የተለቀቀ» ነው። ባለጋሪው ጨካኝ ሰው አይመስለኝም። ልጆች አሉት፤ ገለባ በገንዘብ ነው። ሆኖም የሻፍዒይ መዝሀቡ ታላቅ ዓሊም ዒዘዲን ኢብኑ ዐብዱሰላም በ13ኛው ምዕተ ዓመት የእንስሳትን ሐቅ ሲዘረዝሩ፣ እንስሳው አርጅቶ ወይም ታሞ የማይጠቅም ቢሆን እንኳ ቀለቡ ከባለቤቱ ላይ እንደማይወርድ ጽፈዋል። ድመት አስራ ስላስራበች የተቀጣችዋን ሴትና ውሻ ስላጠጣ የተማረውን ሰው ሐዲስ የማያውቅ ሙስሊም አለ ብዬ አልገምትም። አል ዓዲያት የምትባለዋ ሱራ የምትጀምረው በሚጋልቡ ፈረሶች በመማል ነው፤ ከመሐላው ቀጥሎ የሚመጣው የሰው ልጅ ውለታ ቢስነት ነው። ሌላውን ትተን የአገራችንን ባህል ብናይ፣ ትላልቆቹ ሰዎች የተጠሩት በፈረሳቸው ስም ነበር፤ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ። ሰው የፈረሱ አባት ተብሎ ሲጠራ ይኮራ በነበረበት አገር ፈረስ አስፋልት ላይ ይጣላል።

እዚህ ላይ የሚነሣ ስጋት አለ፤ ሳልነካው ባልፍ አንባቢዎቼ ይታዘቡኛል። «ዛፍና እንስሳን እንዲህ ስታከብር ወደ ሽርክ አይወስድም ወይ?» የሚል ነው። ከጌዶ ወዲያ ባለው አገር ኦዳ ቢሲል የሚባል የሜጫ ኦሮሞ ጥንታዊ የገዳ ማዕከል አለ። የገዳ ጉባኤ የሚካሄደው፣ ሕግ የሚነገረውና ወጣቱ የሚማረው በኦዳ ዛፍ ጥላ ሥር ነው። ኦሮሞ ሰው ከሰውም ከፍጥረትም ጋር ሲኖር ሊያልፈው የማይገባውን ወሰን ሰፉ ይለዋል። ይህን የምጠቅሰው ዛፍ ይመለክ ለማለት አይደለም። ኡስታዛችንን እናከብራለን፤ አንሰግድለትም። ለዛፍና ለፈረስ ሲሆን በማክበርና በማምለክ መካከል ያለው ልዩነት የሚጠፋብን ለምንድን ነው?

አክስቴ ግን ከሁሉም የከበደ መልስ ሰጠችኝ። ጉደር አጠገብ ነው ያደገችው። ልጅነቷን ሙሉ ላም ስትጠብቅ ኖራ ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳትደርስ ተዳረች። የእኔንና የእህቴን ክርክር ቡና እየቀዳች ስትሰማ ቆይታ፣ «ከላም መማር ጥሩ ነው የምትሉት እናንተ ትምህርት ቤት የገባችሁት ናችሁ» አለች። ዝም አልኩ። ዛሬም መልስ የለኝም። ላሟ ብዙ አስተምራታለች፤ የትኛው ሣር እንደሚያሳብጥ፣ ዝናብ ሲመጣ መንጋው ወዴት እንደሚዞር ታውቃለች። ስሟን መጻፍ ግን አትችልም፤ መድኃኒት ላይ ያለውን ጽሑፍ እህቴ ናት የምታነብላት። ከተማ ተቀምጦ የእረኛን ጥበብ ማድነቅ ለእንደኔ ያለው ሰው ርካሽ ነው። ስለዚህ የምለው ልጆች ከክፍል ወጥተው ወደ ሜዳ ይመለሱ አይደለም። ክፍል የገባ ልጅ ሜዳው ያስተማረውን እንዲያፍርበት አይደረግ ነው የምለው።

በማግሥቱ የልጅቱን መምህር ላነጋግር ሄድኩ። ጎልማሳ፣ ትሁት ሰው ናቸው። ታሪኩን ስነግራቸው ሳቁ፤ ከዚያ ሳቁ ጠፋ። «ወንድሜ፣ ያንተ ነገር ገብቶኛል» አሉ። «በ2015 ዓ.ም. የወጣውን የ12ኛ ክፍል ውጤት ታውቃለህ። ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽ ነጥብ ያመጡት 3.3 በመቶ ናቸው። በክፍሌ ያሉት ልጆች ገና ማንበብ ያልቻሉ አሉባቸው። እኔ በዚህ መሀል ቁራ ላስገባ? ነገ በፈተና ወረቀት ላይ ቁራ ብላ ብትጽፍ ማን ይቀበላታል?»

እውነት አላቸው። ግን ጠየቅኋቸው፤ እርስዎስ ያደጉት የት ነው? አልኳቸው። ገጠር ነው አሉኝ፤ የአባታቸውን ከብት ሲጠብቁ። መርዛማ ቅጠልን ከደህናው ማን አስለያቸው? ጥቂት አሰቡና «ፍየሏ» ብለው ሳቁ። ኤክሱን አላነሡትም። ነጥብ ነጥብ ነው አሉ። ሆኖም ልጅቱ የቁራውን ታሪክ ለክፍሉ ተነሥታ እንድትናገር እንደሚፈቅዱላት ነገሩኝ።

ባለፈው ሳምንት እህቴ ደወለች። ልጅቱ ተናግራለች አሉ። ስትጨርስ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «ቁራውንስ ማን አስተማረው?» ብሎ ጠየቀ። መምህሩ ጥያቄውን የቤት ሥራ አድርገው ለሁሉም ሰጥተዋቸዋል። እህቴ የደወለችልኝ መልሱን ፈልጋ ነበር።